ማሳውን የረሳሁት እኔ ነኝ

ይህን ታሪክ ከእኔ አፍ የሰማ ሰው የለም። ሚስቴ አልሰማችም፣ የሥራ ጓደኞቼ አልሰሙም፣ የነፍስ አባቴ ደግሞ ሰምተው አልሰሙም፤ ይህ እንዴት እንደሚሆን ኋላ ላይ እነግርዎታለሁ። ኃጢአት የሠራ ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ይሄዳል፣ በቃ፣ መንገዱ ይታወቃል። ግን የበደለው ራሳቸውን የንስሐ አባቱን ከሆነስ? ወዴት ይሂድ? እኔ መሄጃ ሳጣ ወደ እርስዎ መጣሁ፣ አንባቢዬ። ይህችን ታሪክ እስክጨርስ ድረስ አባቴ ይሁኑልኝ። በመሀል ቢስቁ አልቀየምም። እኔም ስጽፈው ስቄአለሁ፣ ወዲያው ደግሞ አፍሬአለሁ።

ስሜ በላይ ነው። የመኪና ኤሌትሪሺያን ነኝ። አዲሱ ገበያ፣ ከታክሲ ተራው ጀርባ ባለች ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም። ሞተር አልነካም፣ ፍሬን አልነካም፤ የእኔ ነገር ሽቦና አምፖል ነው። በሰፈሩ "ዶክተር" ይሉኛል። መጀመሪያ ለቀልድ ያወጡት ስም ነበር፣ እኔ ግን እያደር የምር አደረግሁት። መኪና ሲመጣልኝ ምንም ከመንካቴ በፊት እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ አንድ ጊዜ እዞረዋለሁ። አንገቴን እነቀንቃለሁ። "እህ" እላለሁ። ባለመኪናው ፊቱ ሲገረጣ ደስ ይለኛል። ይህን የምነግርዎ ትዕቢቴን ከአሁኑ እንዲያውቁልኝ ነው፤ ከበደሌ ቀድሞ የተወለደ እሱ ነው።

የበደልኳቸው ሰው አባ ንጉሤ ይባላሉ። ቄስ ናቸው፣ ቤታቸው ቁስቋም ዳገቱ ላይ ነው። ከእኔ ጋር እኩያ የሆነች ሰማያዊ ቮልስ አለቻቸው፤ "ሰማያዊቷ" ይሏታል። አባ ሲነዱ ማየት ራሱን የቻለ ደስታ ነው። ጥምጥማቸው ጣሪያውን ይነካል፣ ሁለት እጃቸው መሪው ላይ ነው፣ ዓይናቸው ከመንገዱ አይነሳም። ፍሬቻ የማሳየት ነገራቸውማ ለብቻው ነው። ከራሳቸው ግቢ ሲወጡ እንኳ፣ ከዶሮ በቀር የሚያያቸው በሌለበት፣ ፍሬቻ ያሳያሉ። "ሳይናገሩ መታጠፍ ሰውን ማታለል ነው" ይላሉ። ወደ አርባ ቤት የሚሆን የንስሐ ልጅ አላቸው፤ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ተበትነናል። በዚያች ቮልስ ጠበል በጄሪካን ጭነው የታመመውን ይጠይቁ፣ የተጣላውን ያስታርቁ ነበር። ሽሮ ሜዳ ያሉትን እማማ ወርቄን ደግሞ ወር በገባ በስድስት ከቤታቸው አንስተው ለቁስቋም ማርያም ያደርሷቸዋል። እማማ ወርቄ ዕድሜ ልካቸውን ለሸማኔ ልጆቻቸው ጥጥ ሲፈትሉ የኖሩ፣ ጉልበታቸው የከዳቸው ሴት ናቸው። ከዚያች መኪና ሌላ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው አልነበረም።

በደሌ የጀመረው ከአንድ ብሎን ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ የሰማያዊቷን የኋላ ግራ ጎን ገጨው። ብረቱ ተቃና፣ ቀለሙ ተቀባ፣ መብራቱን መልሶ ማሰር የእኔ ድርሻ ሆነ። እዚህ ላይ ትንሽ የሥራዬን ነገር ላስረዳዎ። የመኪና ኤሌትሪክ ከባትሪ በሽቦ ይሄዳል፣ አምፖሉን ያበራል፣ ሲመለስ ግን በሽቦ ሳይሆን በመኪናዋ በራሷ ብረት አድርጎ ነው ወደ ባትሪ የሚገባው። ያንን መመለሻ እኛ "ማሳ" እንለዋለን። ከጣልያን የቀረ ቃል ነው ይባላል። የእርሻ ማሳ አይደለም፤ ይህን ልብ ይበሉልኝ፣ ብዙ ነገር ያመጣብኝ እሱ ነው።

አዲስ ቀለም ላይ መብራት ሲታሰር ብሎኑ የሚያርፍበት ቦታ ይፋቃል፣ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ድረስ። አለዚያ ማሳ የለውም። ይህን ሥራ በጀመረ በሳምንቱ የማያውቅ የለም። እኔ አልፋቅሁም። ያን ቀን ስለ ኳስ እየተከራከርኩ ነበር፤ ግቧ ከጨዋታ ውጪ ናት አይደለችም ስል ብሎኑን ቀለሙ ላይ አጠበቅሁት፣ በሌላው እጄ እያመላከትኩ። ክርክሩን አሸነፍኩ። ማሳውን ረሳሁት።

በሳምንቱ አባ መጡ። "በላይ፣ ልጄ፣ ሰማያዊቷ እየጠቀሰችኝ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የግራ ፍሬቻ ሲያሳዩ የዳሽቦርዱ መብራት፣ ሳያበሩት፣ ከፍሬቻው ጋር ብልጭ ድርግም ይላል። ፍሬቻው ራሱ ደግሞ ይደክማል። ዞርኳት፣ "እህ" አልኩ፣ ከዚያ ዳሽቦርዱ ሥር ገባሁ። ሦስት ሳምንት እዚያው ከረምኩ ቢባል ይቀላል። በጀርባዬ ተኝቼ፣ እግሬ በበሩ ወጥቶ፣ ሽቦ በሽቦ ስከታተል ከረምኩ። ፊውዝ ቀየርኩ፣ የፍሬቻውን ማብሪያ ፈታሁ፣ ገጠምኩ። የኋላውን መብራት ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልከፈትኩትም። ለምን? የእኔ እጅ ያሰረው ነዋ። ዶክተር ያሰረው እንዴት ይበላሻል? የጋራዡ ሰው ሁሉ እያለፈ "ዶክተር፣ በሽተኛዋ እንዴት አደረች?" ይለኛል። ሳቁ ውስጤን እየበላኝ ሄደ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ ተናገርኩ። "አባ፣ ሽቦዋ ከውስጥ አልቋል። ሞተሯ ምንም አይልም፣ ፍሬቻና መብራት ከነኩ ግን ትቃጠላለች።" ይቺን ነው የተናገርኩት። "አልቻልኩም" ማለት አቅቶኝ "ትቃጠላለች" አልኩ። ሁለቱም አንድ አንድ ቃል ናቸው፣ ምን ነበረበት? አባ አልተከራከሩኝም። "አንተ ካልክ እሺ" አሉ። ያለ ፍሬቻ የዓመት ምርመራ አታልፍም፣ ቦሎ አታገኝም። ቢፈቀድላቸውም ደግሞ አባ ያለ ፍሬቻ ከግቢ የሚወጡ ሰው አይደሉም። ወደ ቤት ወስደው ሸራ አለበሷት።

ሁለት ወር አልሞላም፣ አንድ ፒክአፕ መጣ። ሾፌሩ "ፍሬቻ ሳሳይ ዳሽቦርዴ ይጠቅሳል" አለኝ። ያችን መኪና ሌላ ሰው ነው የሠራት፣ ስለዚህ ያለምንም ኩራት ከኋላ ጀመርኩ። አንድ ብሎን ፈታሁ። ሥሩ ቀለም ነው። ፋቅ ፋቅ አድርጌ መልሼ አሰርኩት፣ በሽታው ጠፋ። ካቻቢቴዬን ይዤ መሬት ቁጭ አልኩ። የሰማያዊቷ በሽታ ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳሳመማት ያን ጊዜ አወቅሁ።

ልንገራቸው ብዬ የዚያኑ ዕለት ወደ ቁስቋም ተነሳሁ። አባን ዳገቱ እኩሌታ ላይ አገኘኋቸው፣ ጃንጥላ ተደግፈው ቆመው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ። ከአንድ ሌላ አባት ጋር ነበሩ። ገና ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። "ይሄውልህ፣ ከእሳት ያዳነኝ ልጅ ይሄ ነው" ብለው አስተዋወቁኝ። እኔ ምን አደረግሁ? መስቀል ተሳልሜ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለው የመርሳት በደል አይደለም። እኔ አወቅሁ። እኔ አውቄ ዝም አልኩ። እሳቸው ያንን ዳገት ሲወጡ ሲወርዱ እኔ በአንድ ብሎን ላነሳላቸው እየቻልኩ ዝም አልኩ። እማማ ወርቄ በስድስት በስድስት ነጠላቸውን ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ይላሉ ሲባል ሰማሁ፣ ያንንም ሰምቼ ዝም አልኩ። በየጾሙ ንስሐ እገባ ነበር እኮ። ተሳደብኩ፣ ጠጣሁ፣ ሰው አማሁ እላለሁ። አባ ስግደት ያዝዙኛል፣ እሰግዳለሁ። ዋናዋን ኪሴ ውስጥ ይዤ እመለሳለሁ። አባ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸራውን ገልጠው፣ ቮልሷን አጥበው፣ ሞተሯን አሙቀው፣ መልሰው ያለብሷታል። ብርድ እንዳይመታት ነው ይላሉ።

አንድ ጊዜ ግን ቆርጬ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በፍልሰታ። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድበዋል፣ አባ ጆሯቸውን አስጠግተውልኛል። እኔ ከፍርሃቴ የተነሳ በጋራዥ ቋንቋዬ ጀመርኩ። "አባ፣ ማሳውን ረስቼ ነው። ማሳውን አውቄ ዝም አልኩ፣ ስንት ዓመት።" አባ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ትከሻዬን ያዙ። "ይህን ቀን ስጠብቀው ነበር" አሉኝ። ለካ ያውቁ ነበር አልኩ። ቀጥለው "ወንድምህንስ አግኝተኸዋል?" ሲሉኝ ነው የገባኝ።

እኔ የቡልጋ ሰው ነኝ። አባታችን ሲሞቱ በተዝካራቸው ቀን ከወንድሜ ከደምሴ ጋር በክፉ ቃል ተለያይተን፣ ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገርንም ነበር። የአባቴን እርሻም ረግጬ አላውቅም። አባ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ማሳ ስላቸው የትኛውን ማሳ ይስሙ? "አይደለም አባ፣ የመኪናዋን ነው" ማለት ነበረብኝ። ስድስት ቃል እንኳ አትሞላም። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። አባ ቀኖናዬን ሰጡኝ፤ ጾሙ ሲፈታ ቡልጋ ሂድ፣ ከወንድምህ ታረቅ፣ የአባትህን ማሳ በእጅህ አርም። ከዚያ "እግዚአብሔር ይፍታህ" አሉኝ። ከምን ነው የተፈታሁት? እስኪ እርስዎ ይፍረዱ።

ሄድኩ። መሄዴን ከዕድሜዬ ደስታዎች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፣ አልዋሽም። ደምሴ ከሩቅ ሲያየኝ ማረሻ ጥሎ ሮጠ፤ ሊመታኝ መስሎኝ ልሸሽ ስል አንቆ ሳመኝ። አምስት ቀን ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ ጤፍ አረምኩ። ጤፉን ከሳሩ መለየት አቅቶኝ ጤፉን ስነቅል የደምሴ ሚስት በሳቅ ወደቀች። የከተማ ቅጽል ስሜን ነግሬያቸው ነበርና "ዶክተር፣ ጤነኛውን ገደልከው" አለችኝ። እጄ ቆስሎ፣ ወገቤ ተቆርጦ፣ ባቄላ በማዳበሪያ ተሸክሜ፣ ወንድሜን አግኝቼ ተመለስኩ። ባልተናዘዝኩት በደል በተሰጠኝ ቀኖና ይህን ያህል ደስታ አገኘሁ። ልናዘዘው የሄድኩት በደል ግን እንዳለ ነው። አባ አሁንም ዳገቱን በእግራቸው ነው የሚወጡት።

ባለፈው ወር አባ ስልክ ደወሉልኝ። "በላይ፣ ቅዳሜ ቁራሌዎቹ መጥተው ሰማያዊቷን ይወስዷታል። ብረቷ ለሰው ይጥቀም። ባትሪዋን መጥተህ ንቀልልኝ።" ድምፃቸው ደህና ነው፤ ደህና ለማስመሰል ሲጥሩ ግን ያስታውቅባቸዋል። ቁራሌ ቆራርጦ ሊወስዳት ነው፣ በኔ ብሎን፣ በኔ አፍ።

ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ አባ አጥበዋት ጨርሰዋል። ለመጨረሻ ጊዜ ሞተሯን አሙቀው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዩዋታል። "አባ፣ አንዴ ብቻ ልሞክር" አልኳቸው። ከኋላ ተንበረከኩ። የግራውን መብራት ፈታሁ። ከብሎኑ ሥር ያ ቀለም እንዳለ ነው፣ እንደ ተቀባበት ቀን ያበራል፣ ከጥፍሬ አይሰፋም። ስድስት ዓመት ያቆመቻት ይቺ ነች። በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት፣ ብረቱ ወጣ፣ ብሎኑን መለስኩት። "አባ፣ ይግቡና የግራ ያሳዩኝ" አልኩ። ገቡ። ጥምጥማቸው ጣሪያውን ነካ። ቲክ ታክ፣ ቲክ ታክ። ፍሬቻው ደምቆ ይጠቅሳል፣ ዳሽቦርዱ ጭጭ ብሏል፣ የፍሬቻዋ ምልክት ብቻ ትርገበገባለች። አባ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቀሩ። ቁራሌዎቹ በዚሁ መሀል ደርሰው ነበር። ማዳበሪያቸውን መሬት ጥለው አጨበጨቡላት። ከመካከላቸው አንዱ እንዲያውም ከጎኗ ቆሞ ፎቶ ተነሳ። ቦሎ ስለሌላት አባ መንገድ ላይ አላወጧትም፤ ግቢው ውስጥ አምስት ጊዜ ዞሩ፣ በየማዕዘኑ ፍሬቻ እያሳዩ፣ እንባቸው እየወረደ፣ እየሳቁ። እኔም ከኋላቸው እየሮጥኩ እስቃለሁ። እንደዚያ የተደሰትኩበትን ቀን አላስታውስም።

ከዚያ ወርደው ጠየቁኝ። "ምኗ ነበር?"

ይሄው ሰዓቱ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነው። "ማሳው ነው አባ" አልኩ።

አባ ጭንቅላታቸውን ይዘው ሰማይ ሰማይ አዩ። "አላልኩህም? የአባትህን ማሳ ብታቀና እግዜር እጅህን አቀናልህ። ከስድስት ዓመት በኋላ ሽቦው ታየህ።" አቅፈው ግንባሬን ሳሙኝ። እኔስ? እኔ ዳግመኛ ዝም አልኩ። ደስታቸውን ላለማበላሸት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ውሸቴን ነው። መታቀፉ ጣፍጦኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ታሪኩ ሰፈሩን ዞሯል። ሰማያዊቷ ምርመራውን አለፈች፣ ቦሎዋ ተለጠፈላት። አባ የመጀመሪያ ጉዟቸውን ያደረጉት ወደ ሽሮ ሜዳ ነው፣ እኔን ከጎናቸው አስቀምጠው። እማማ ወርቄ ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። መኪናዋን ሲያዩ ተነስተው እልል ሊሉ ፈልገው ጉልበታቸው እምቢ ቢላቸው ተቀምጠው እልል አሉ። የኋላ ወንበር ላይ ስናስቀምጣቸው እጄን ያዙና "የአባትህን መሬት አክብረህ ነው አሉ። ዕድሜህ ይርዘም" አሉኝ። አሜን አልኩ። አሜን ነው ያልኩት፣ ያውም ጮክ ብዬ። ሰው ስንት ጊዜ አንዱን ነገር ይበድላል?

አሁን የሚቀጥለው ስድስት እየመጣ ነው። አባ በንስሐ ልጆቻቸው ማኅበር ፊት ታሪኬን ሊናገሩ፣ እኔን ደግሞ አጠገባቸው ሊያቆሙኝ ቆርጠዋል። አባቱን ያከበረ ልጅ ተብዬ፣ አርባው ቤት ሁሉ እያየኝ። እስካሁን የዋሸሁት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አባ ንጉሤ፣ በሕይወታቸው አውቀው ሰው አታልለው የማያውቁት ሰው፣ የእኔን ውሸት በራሳቸው አፍ ለሕዝብ ሊያወሩ ነው። ይህን አልችልም። ይህን ካስደረግሁ ፍሬቻ ማየት ራሱ ያስጠላኛል።

ስለዚህ በዚያ ቀን ጠዋት ሰማያዊቷ አዲሱ ገበያ መጥታ ስታነሳኝ፣ ገና ዳገቱን ሳንጀምር፣ ልነግራቸው ነው። መርሳቴን ይቅር ይሉኛል፣ አውቃቸዋለሁ፤ ማንም ይረሳል። ፈርቼ ነው፣ አፍሬ ነው፣ አልሰሙኝም ነበር እያልኩ ግን አላሳብብም። እያወቅሁ በዝምታ ያሳለፍኩትን ዘመን ከነስሙ እነግራቸዋለሁ፤ ይፍቱኝ የምለው ከእሱ ነው። ቢቆጡ፣ ፍሬቻ አሳይተው፣ ዳር ይዘው፣ ውረድ ቢሉኝ፣ እወርዳለሁ። ዳገቱን በእግሬ እወጣዋለሁ። እሳቸው ስድስት ዓመት ወጥተውታል።